በከተማው ዳር ትራንዚስተር የጊታር አምፕ ማሠራት፦ ሳይቃጠል፣ ሳያጉረመርም፣ ጆሮ ሳይወጋ

በአዲስ አበባ ዳር፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ አካባቢ በአምፕ (በጊታር ድምፅ ማጉያ) የሚጫወቱ ልጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ችግሮች ሦስት ናቸው። «መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፑ ቀጥ አለ።» «ጊታሩን ሳልነካው ያጉረመርማል።» «ድምፁ ጆሮ ይወጋል፤ ቲዩብ ካልገዛሁ አይሆንም ማለት ነው?»

አይደለም። ቲዩብ የሚባለው ድምፅን በሚግል የመስታወት ቱቦ የሚያጎላው የድሮ ዓይነት አምፕ ነው፤ ትራንዚስተሩ ቱቦ የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የትራንዚስተር አምፑ አይደለም። መብራቱ ሳይለካ ተሰክቷል፣ ሳይመረመር ተገዝቷል፣ ወይም የቲዩብ አምፕ መስሎ ተስተካክሏል። ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሥሩት። በተለይ ደረጃ 1ን አትዝለሉ።

ቲዩቡን ለምን እንተወዋለን?

ቲዩብ አምፕ ውስጥ ከ300 እስከ 450 ቮልት የሚደርስ ኃይል አለ። ቲዩቦቹ ያልቃሉ፤ እንደ ጊታር ክር ከሱቅ ብድግ አድርጋችሁ የምትገዟቸውም አይደሉም። ብዙዎቹ አምፖች ላይ የኃይል ቲዩብ ሲቀየር ባያሱን (ሳይጫወቱበት ውስጡ የሚያልፈውን የኃይል መጠን) የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል። ቲዩቡን የሚያሞቀው ክር በአብዛኛው 6.3 ቮልት የሚፈልግ ስለሆነ፣ የቤቱ መብራት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር እሱም አብሮ ይዋዥቃል። በዚህ ላይ ሳትጫወቱበት እንኳ ብዙ ኃይል ይበላል።

ትራንዚስተሩ ይህ ሁሉ የለበትም። የራሱ ድክመት ግን አለው፤ ሾርትን አይችልም፣ ከአቅሙ በላይ ሲገፋም ድምፁ በድንገት ይሻክራል። መመሪያው በሙሉ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ዙሪያ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጁ ዕቃዎች

ዲጂታል ቴስተር፣ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄድ መከላከያ ሽቦ) ያለው ጠንካራ ዲቫይደር፣ መሥራቱን የምታውቁት የጊታር ኬብል፣ ሌላ አንድ አጭር ኬብል፣ የእጅ ባትሪ፣ ደረቅ የቀለም ብሩሽ። ቴስተር ከሌላችሁ አምፑን ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ግዙ። ርካሹም ይበቃል።

ደረጃ 1፦ የቤቱን መብራት ለኩ

1. ቴስተሩን የኤሲ ቮልት ላይ፣ ከፍተኛው መጠን ላይ አድርጉት። ቀዩ ሽቦ «ቮልት» የሚለው ቀዳዳ ውስጥ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጡ። «10 አምፔር» የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ሆኖ ሶኬት ከነካችሁ ሾርት ታደርጋላችሁ፤ ቴስተሩ እጃችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

2. ሁለቱን የሶኬት ቀዳዳዎች ለኩ። 220 ቮልት አካባቢ መምጣት አለበት። ከ207 እስከ 253 ድረስ «230 ቮልት» የሚል አምፕ ያለ ችግር ይሠራል።

3. በተለያየ ሰዓት ደግማችሁ ለኩ። ረፋድ ላይ 225 የነበረው፣ ማታ ሰዉ ሁሉ ምድጃ ሲለኩስ ወይም ጎረቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥዶ እንጀራ ሲጋግር 190 ሊወርድ ይችላል። ዝቅ ማለቱ አምፑን ብዙም አያቃጥለውም፤ ግን አቅሙ ይቀንሳል፣ ድምፁም ቶሎ ይሻክራል። ልምምዳችሁ ማታ ከሆነ ወሳኙ የማታው ቁጥር ነው።

4. አሁን ኧርዙን ፈትሹ። አንዱን ሽቦ ከሶኬቱ የኧርዝ ብረት ጋር አገናኙና ሌላውን በየተራ ሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ አስገቡ። በአንደኛው 220 አካባቢ፣ በሌላው ወደ ዜሮ የሚጠጋ ቁጥር ከመጣ ኧርዝ አለ። ሁለቱም ላይ የሚዋልል፣ የማይረጋ ቁጥር ከመጣ ግን ብረቱ ለጌጥ ነው የተቀመጠው፤ ከኋላው ሽቦ የለም። አዲስ በተሠሩ የግል ቤቶችና በኪራይ ክፍሎች ይህ በጣም የተለመደ ነው።

ቮልቱ በጣም ከተዋዠቀ፦ ስታቢላይዘር ለአምፑ ብቻ ለይታችሁ ስጡ። አምፑ ከኋላው «100 ዋት» እበላለሁ የሚል ከሆነ የ500 ቪኤ (የስታቢላይዘር አቅም መለኪያ ነው) ስታቢላይዘር ይበቃዋል። ምጣድ ወይም ፍሪጅ አብሮ አይሰካበትም።

ኧርዝ ከሌለ፦ ኤሌክትሪሻን አስጠርታችሁ አሠሩ። ሶኬቱ ውስጥ ኧርዙን ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር የሚያጣብቅ «ባለሙያ» ካጋጠማችሁ አስቁሙት። ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የአምፑ ቀፎና የጊታሩ ክር በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማሉ። የአምፑን የኧርዝ እግር መቁረጥ፣ ወይም ኧርዝ በማያሳልፍ አዳፕተር መሰካት መፍትሔ አይደለም።

አንድ አምፖል ከወትሮው በላይ ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ፦ ይህን ምልክት እወቁት። ብዙ ጊዜ ኒውትራል ላልቷል ማለት ነው። ቮልቱ ከ300 በላይ ሊወጣ ይችላል። አምፑን ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ፤ እስኪጠገን ድረስ ምንም አትሰኩ።

ደረጃ 2፦ የሚበቃችሁን መጠን ወስኑ

ለመኝታ ቤት ልምምድ ከ10 እስከ 20 ዋት። ከድራም ጋር ለሚለማመድ ባንድ ከ60 እስከ 100 ዋት፣ ባለ 12 ኢንች ስፒከር። ማይክ ተደቅኖበት በአዳራሹ ሳውንድ ሲስተም ለሚወጣ ደግሞ ከ30 እስከ 50 ዋት።

«የ20 ዋት ቲዩብ ከድራም ጋር ይሰማል፤ የእኔ 20 ዋት ለምን አይሰማም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ቲዩቡ ከአቅሙ አለፍ ሲል ድምፁ ቀስ ብሎ ስለሚሞላ ያን ትርፍ ትጠቀሙበታላችሁ። ትራንዚስተሩ ላይ ያ ትርፍ አይሰማም፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይቆርጣል። ስለዚህ ዋቱን ከፍ አድርጋችሁ ግዙና ከጫፉ በታች ተጫወቱ።

ግን 50 እና 100 ዋት በድምፅ እጥፍ አይለያዩም። ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ ትንሽ ጨመረ ብሎ የሚሰማው ያህል። ዋት በእጥፍ ለመጨመር ከምትከፍሉ ስፒከሩ ተለቅ ያለውን ምረጡ። ባለ 6 ኢንች ስፒከር፣ ዋቱ ምንም ይሁን፣ የወፍራሙን ክር ድምፅ በደንብ አያወጣም።

ስም ለሚፈልግ፦ ለቤት ፌንደር ፍሮንትማን፣ ማርሻል ኤምጂ ወይም ኦሬንጅ ክራሽ። ለባንድ ፒቪ ባንዲት። ጥርት ላለ ድምፅ ሮላንድ ጄሲ-120፤ ከ1975 ጀምሮ የሚመረት፣ ሁለት የ60 ዋት አምፕና ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው ነው፤ ክብደቱን ግን አስቡበት። ቦስ ካታና በዲጂታል የሚሠራ ቢሆንም ኃይሉን የሚያወጣው ትራንዚስተር ስለሆነ እዚህ ያለው ምክር ለሱም ይሠራል። ዋቱን ዝቅ ማድረጊያ ማዞሪያ ስላለው ግድግዳ ለሚጋሩ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ደስ ይላል።

ደረጃ 3፦ ያገለገለ አምፕ ስትገዙ የምታደርጉት ምርመራ

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። «ወንድሜ፣ ሃያ ደቂቃ ስጠኝ» በሉት። ካልሰጠ ትታችሁ ሂዱ።

1. ሳትሰኩ የኋላውን ጽሑፍ አንብቡ። «230 ቮልት» ወይም «220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» ካለ ጥሩ። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ካለ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ በቀጥታ ከሰካችሁት ፊውዙ ይበጠሳል፤ ቀጥሎ ትራንስፎርመሩ ሊሄድ ይችላል። 115 እና 230 መምረጫ ካለው 230 ላይ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። መምረጫው ሲቀየር ፊውዙም እንደሚቀየር አትርሱ፤ መጠኑ ከአጠገቡ ተጽፎ ይገኛል።

2. ፊውዙን አውጥታችሁ ከጽሑፉ ጋር አስተያዩ። በቆርቆሮ የተጠቀለለ፣ በሽቦ የተተካ ወይም መጠኑ ያለፈ ፊውዝ ካገኛችሁ፣ ውስጡ አንድ ነገር ደጋግሞ ሲያቃጥለው ኖሯል ማለት ነው። አትግዙ።

3. በኋላ በኩል አፍንጫችሁን አስጠጉ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ለወራት አይለቅም።

4. ማዞሪያዎቹን ሁሉ ዜሮ አድርጋችሁ አብሩት። አንዴ «ዱም» ብሎ ዝም ማለቱ ጤና ነው። ቮሊዩም ዜሮ ላይ ሆኖ ኃይለኛ ሁም (ጉርምርምታ) ካለ የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ደክመዋል፤ ወይም ከዚያ የባሰ ነገር አለ።

5. ኋላው ክፍት ከሆነ ስፒከሩ ላይ ያሉትን ሁለት ጫፎች፣ ጊታር ሳይሰካ፣ በዲሲ (የባትሪ ዓይነት ኃይል) ሚሊቮልት ለኩ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ጥሩ ነው። ከ100 በላይ ያጠራጥራል። 1 ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ወዲያው አጥፉት፤ የኃይል ትራንዚስተሮቹ ወደ መበላሸት ተቃርበዋል፣ ስፒከሩንም ይዘው ይሄዳሉ።

6. ጊታር ሰክታችሁ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ እስከ መጨረሻ አዙሩ። የሚንኮሻኮሽ ማዞሪያ በቀላሉ ይጸዳል። ዋጋ ለማስቀነሻ ተጠቀሙበት እንጂ አይገፋችሁ።

7. ቮሊዩሙን ዝቅ አድርጉ። ትዝታን ከወፍራሙ ክር ጀምራችሁ ዝግ ብላችሁ ምቱ፣ እያንዳንዱ ኖታ እስኪጠፋ ጠብቁ። ጭራውን አዳምጡ። ድምፁ እየቀነሰ ሲሄድ ጥርት ብሎ መጥፋት አለበት። መጨረሻው ላይ የሚሻክር፣ አሸዋ የገባበት የሚመስል ከሆነ የኃይል ክፍሉ ባያስ ወይም አንድ ብየዳ ተበላሽቷል። ጮክ ብሎ ሲጫወት ይህ ችግር ስለሚደበቅ ሻጩ ሁልጊዜ ጮክ አድርጎ ነው የሚያሰማችሁ።

8. አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በመካከለኛ ድምፅ ተጫወቱ። ሲሞቅ የሚቆራረጥ አምፕ ቤት ሄዶ ይብስበታል።

9. አጥፍታችሁ፣ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ከስፒከሩ አንዱን ሽቦ አውጡና ኦሙን (ለኤሌክትሪክ ያለውን መቋቋም) ለኩ። «8 ኦም» የሚለው ስፒከር ቴስተር ላይ 6 ወይም 7 ያሳያል፤ «4 ኦም» የሚለው 3 አካባቢ። ዜሮ ወይም ምንም ካላሳየ ስፒከሩ ሄዷል።

የ120 ቮልት አምፕ በጣም ከወደዳችሁት፦ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ እውነተኛ ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል። አምፑ እበላለሁ ከሚለው ዋት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ አቅም ይኑረው። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠው ቀላል ኮንቨርተር አይሆንም። ብዙዎቹ ማውረጃዎች ኧርዝ አያሳልፉም፤ ባለ ሦስት እግር መሆኑን፣ ኧርዙም ከጫፍ እስከ ጫፍ መገናኘቱን በቴስተር አረጋግጡ። በተጨማሪ «60 ኸርዝ» ብቻ የሚል አምፕ እኛ ጋ ባለው 50 ኸርዝ ትራንስፎርመሩ ይበልጥ ይሞቃል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጅ የማያስነካ ከሆነ አይሆናችሁም። በእኔ እምነት የ230 ቮልቱን መጠበቅ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ቦታ ስጡት

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ ሱሉልታ ሲወጣ ደግሞ ይጨምራል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የሚወስደው ከባሕር ጠረፍ አገር ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ክንድ አርቁት። ከኋላው መጋረጃ፣ ከላዩ ጋቢ አይኑር።

ጥግ ላይ አታስቀምጡት። ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ጥግ ላይ ባሱ ይከማቻል፣ ድምፁ ይድበሰበሳል። በርጩማ ላይ አውጡት። በትይዩው ግድግዳ ላይ ፍራሽ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ብታቆሙ ለውጡን ወዲያው ትሰሙታላችሁ።

ከዋይፋይ ራውተር፣ ከስልክ ቻርጀር፣ ከዘንግ መብራትና ከስታቢላይዘሩ ራሱ ራቅ ይበል። የስታቢላይዘር ትራንስፎርመር አጠገቡ ያለ ጊታር ውስጥ ሁም ያስገባል።

ደረጃ 5፦ የማብራት ቅደም ተከተል

1. ጊታሩን በኬብል ከአምፑ ጋር አገናኙ፤ የጊታሩን ቮሊዩም ዝጉ።
2. የአምፑን ማስተር (የመጨረሻውን የድምፅ መጠን ማዞሪያ) እና ጌይን (መግቢያው ላይ የሚያጎላውን ማዞሪያ) ዜሮ አድርጉ።
3. ስፒናውን ሰኩ፣ ከዚያ አብሩ።
4. ጥቂት ጠብቃችሁ ማስተሩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ።

ስታጠፉ በግልባጩ ነው። የጊታሩን ኬብል ማስተሩ ክፍት ሆኖ አትንቀሉ፤ ያ «ጯ» የሚል ድምፅ ስፒከሩን ሊጎዳ ይችላል። እንደ ቲዩብ እስኪሞቅ መጠበቅ አያስፈልግም።

ደረጃ 6፦ ድምፁን አስተካክሉ

«ጆሮ ይወጋል» የሚለው ቅሬታ ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ ይፈታል። መጀመሪያ አንድ ነገር አድርጉ፦ አምፑን ወደ ላይ አጋድማችሁ ስፒከሩ ወደ ጆሯችሁ እንዲያይ አድርጉ። የስፒከር ቀጭን ድምፅ ፊት ለፊት እንደ ባትሪ መብራት በቀጥታ ነው የሚሄደው። አምፑ መሬት ላይ ሆኖ ጉልበታችሁን ሲያይ ለእናንተ የደበዘዘ ይመስላችኋል፤ ትሬብሉን (የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ) ትጨምራላችሁ፤ ከፊታችሁ የተቀመጠው ሰው ግን ይሠቃያል።

ከዚያ በዚህ ጀምሩ (ማዞሪያው ከ0 እስከ 10 ነው ብለን)፦ ባስ 4፣ ሚድ (መካከለኛው ድምፅ) 7፣ ትሬብል 4፣ ሪቨርብ (ማስተጋቢያው) 2። የጊታሩ ቶን 8 ላይ።

ሚዱን አትፍሩት። ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትጫወቱ ሚድ ተቀንሶ ባስና ትሬብል ሲጨመር ያምራል። ባንድ ውስጥ ስትገቡ ግን ባስ ጊታሩ ታችኛውን፣ ሲምባሉ ላይኛውን ይወስዱና እናንተ ትጠፋላችሁ። ጊታር የሚሰማው በሚድ ነው።

ጌይኑን እንዲህ ፈልጉ። በንጹሑ ቻናል ስድስቱንም ክር በኃይል ምቱ። ጌይኑን ጨምሩ፣ ጨምሩ፣ መሻከር ሲጀምር አቁሙና ትንሽ መልሱ። ከዚህ በኋላ ድምፅ የምትጨምሩት በማስተሩ ብቻ ነው። ማስተሩ ከፍ ብሎ ድምፁ መሰባበር ከጀመረ የኃይል ክፍሉ ጣሪያውን ነክቷል። የቲዩብ ተጫዋች የሚወደው ሁኔታ እዚህ አስቀያሚ ነው፤ ስፒከርም ያቃጥላል። ወደ ኋላ መልሱ።

የሞቀ፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ስትፈልጉ ከፊት ሥሩት። ኦቨርድራይቭ ፔዳል (በጊታሩና በአምፑ መካከል የሚገባ፣ ድምፅ የሚያሻክር የእግር መርገጫ) ሰኩ፤ ድራይቩን (የመሻከሩን መጠን) 3፣ ሌቭሉን (የሚወጣውን ድምፅ መጠን) 7 አድርጉ። አምፑ ንጹሕ እንደሆነ ይቆይ። ብዙ ጀማሪ በግልባጩ ድራይቩን ሞልቶ ሌቭሉን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ እንደ ንብ መንጋ ይጮኻል። ዋዋ (በእግር ሲረገጥ «ዋ-ዋ» የሚያሰኝ ፔዳል) ካላችሁ ከኦቨርድራይቩ በፊት አስገቡት።

ለችክችካ ምትና ክራርን ለሚመስል ነጠላ አመታት ትራንዚስተሩ ከቲዩቡ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ። እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ይሰማል፤ አይለሰልስም። በዚህ ዓይነት አጨዋወት ፔዳሉን ሁሉ አጥፍታችሁ፣ ሚዱን 6 አድርጋችሁ ሞክሩት።

ፔዳል ሲሰካ የሚያፏጭ ቀጭን ድምፅ ከመጣ፦ ፔዳሉን በ9 ቮልት ባትሪ አሠሩት። ከጠፋ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ነው። አዲስ ስትገዙ የአዳፕተሩ ጫፍ መሐሉ ኔጌቲቭ መሆኑን ከፔዳሉ ጽሑፍ ጋር አስተያዩ።

ደረጃ 7፦ አዳራሽና ድንኳን

የቤተ ክርስቲያን አዳራሽም ሆነ የሠርግ ድንኳን፣ የመጀመሪያው ሥራ የደኅንነት ነው። አምፑና የድምፅ ሚክሰሩ ከአንድ ኧርዝ ካለው መስመር ይሰኩ። ከተለያዩ ክፍሎች በሚመጣ መብራት ከሠሩ፣ እጅ ክር ላይ፣ ከንፈር ማይክ ላይ ሲሆን ሰው ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ዘፋኝ ከመምጣቱ በፊት ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ በጊታሩ ክር፣ ሌላውን በማይኩ ወንፊት ላይ አስነኩ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። 10 ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ምክንያቱን ሳታገኙ አትጀምሩ። በዝናብ የራሰ ሣር ላይ ቆማችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ይህን መዝለል የሕይወት ጉዳይ ነው።

ጀነሬተር ከሆነ፦ መጀመሪያ ጀነሬተሩ ይነሣ፣ ይረጋ፣ ትለኩ፣ ከዚያ ስፒናው ይገባል። ነዳጅ ሲያልቅ እየተንገዳገደ ስለሚጠፋ ነዳጁን የሚያይ ሰው ይመደብ። ኢንቨርተር ከሆነ «ፒዩር ሳይን» የሚለውን ምረጡ፤ ሌላው ዓይነት ቋሚ ዝዝታ ያስገባል፣ ትራንስፎርመሩንም ያሞቃል።

ማይኩን ከስፒከሩ ፊት ሦስት ጣት ያህል አርቃችሁ፣ ከመሐሉ ትንሽ ወደ ጠርዝ ደቅኑት። ወደ መሐል ሲጠጋ ይሾላል፣ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ይለሰልሳል። «ላይን አውት» ካለው ወደ ሚክሰሩ መውሰድ ይቻላል። የስፒከር መውጫውን ግን ወደ ሚክሰር በፍጹም አትሰኩ።

ተጨማሪ ስፒከር ስትጨምሩ፦ ከመውጫው ጎን የተጻፈውን ትንሹን ኦም አንብቡ። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲያያዙ 4 ኦም ይሆናሉ። አምፑ «ቢያንስ 8 ኦም» ካለ ይህ ሊያቃጥለው ይችላል። ከተጻፈው በላይ ሲሆን ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጎዳውም። ለስፒከር የሚሆነው ኬብል ወፍራም የስፒከር ሽቦ ነው። የጊታር ኬብል ቀጭን ስለሆነ ይሞቃል፣ ውስጡ ሾርት ካደረገም ትራንዚስተሮቹን ይዞ ይሄዳል።

ደረጃ 8፦ መብራት ሲሄድ

እንደጠፋ ማስተሩን ዝጉ፣ ማብሪያውን አጥፉ፣ ስፒናውን ንቀሉ። ማብሪያውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም። ሲመጣ አምስት፣ አሥር ደቂቃ አምፖሉን ተመልከቱ። ብልጭ ድርግም ካላለ፣ ከለካችሁት ቁጥርም ካላለፈ ሰኩ። ለፍሪጅ የሚሸጠው ዘግይቶ የሚያበራ መከላከያ ይህን ሥራ ለእናንተ ይሠራል፤ ስታቢላይዘራችሁ የማዘግየት ማብሪያ ካለው እሱንም «ረጅም» ላይ አድርጉት።

መብራት ለረጅም ሰዓት በሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕ ጎን ለጎን መያዝ ብልህነት ነው። ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ በስድስት ትናንሽ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል።

ሲበላሽ፦ በዚህ ተራ ፈልጉ

መብራቱ በርቶ ድምፅ የለም። ኬብሉን ቀይሩ። ከዚያ የኢርፎን ቀዳዳው ውስጥ ጃክ ደጋግማችሁ አስገቡና አውጡ። ቀጥሎ ከኋላው «ሴንድ» እና «ሪተርን» የሚሉ ቀዳዳዎች ካሉ በአጭሩ ኬብል አገናኟቸው። ድምፁ ከተመለሰ የሪተርኑ ቀዳዳ ውስጥ ያለው ንክኪ ቆሽሿል። በኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ ይድናል፤ እስከዚያ ኬብሉ እንደተሰካ መጫወት ትችላላችሁ። በከተማው ዳር አቧራ ይህ ብልሽት እጅግ ብዙ ነው፤ «አምፑ ሞቷል» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሁም ያደርጋል። የጊታሩን ቮሊዩም ዝጉ። ከጠፋ ምንጩ ጊታሩ ነው፤ ባለ ነጠላ ኮይል ፒካፕ (ከክሩ ሥር ድምፁን የሚቀበለው ማግኔት) ከሆነ ቆማችሁ ዙሩ፣ የሚቀንስበትን አቅጣጫ ታገኛላችሁ። ካልጠፋ ማስተሩን ዘግታችሁ ኬብሉን ከአምፑ ንቀሉና ማስተሩን መልሳችሁ ክፈቱ። አሁን ከጠፋ ኬብሉ ነው። አሁንም ካለ፣ ከሌላ ዕቃ ጋር የተያያዘውን ሁሉ አላቁና አምፑን ብቻውን ሞክሩ። ብቻውንም የሚያጉረመርም ከሆነ ወደ ባለሙያ ይሂድ። ክሩን በእጅ ስትነኩ የሚቀንስ ከሆነ የተለመደ ነው፤ ስትነኩ የሚነዝር ከሆነ ወዲያው አጥፉና ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

ማዞሪያ ይንኮሻኮሻል። ነቅላችሁ፣ በኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ ረጭታችሁ፣ ሃያ ጊዜ ያህል ወዲያ ወዲህ አዙሩ። የበር ማጠፊያ የሚቀባበት ዘይት አይሆንም፤ አቧራ ይሰበስባል።

ፊውዝ ተበጠሰ። በትክክል ተመሳሳዩን አንድ ጊዜ ተኩ፤ «ቲ» የሚለው ዘግይቶ የሚቆርጥ፣ «ኤፍ» የሚለው ፈጥኖ የሚቆርጥ ነው። አያምታታችሁ። ሁለተኛም ከተበጠሰ አቁሙ። ብዙ ጊዜ የኃይል ትራንዚስተሮቹ ሾርት አድርገዋል ማለት ነው። ሦስተኛ ፊውዝ፣ ይባስ ብሎ ትልቅ ፊውዝ፣ ትራንስፎርመሩን ያቃጥለዋል። ትራንዚስተር በቀላሉ ይተካል፤ ልኩን የጠበቀ ትራንስፎርመር ማግኘት ግን ከባድ ነው።

ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲበርድ ይመለሳል። መጀመሪያ የኋላውን የሙቀት ማስወገጃ ብረት ከአቧራ በደረቅ ብሩሽ አጽዱ፤ ፋን ካለው መዞሩን እዩ። የኦሙን ነገርም ደግማችሁ አስሉ። ካልተሻለ የተሰነጠቀ ብየዳ ይኖራል።

ለባለሙያ ስትሰጡ፦ የሆነውን በቅደም ተከተል በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ስጡ፤ መብራት ሲመጣ ነው፣ ሲሞቅ ነው፣ ወይስ ሲወድቅ? የኃይል ትራንዚስተር ከቀየረ ጥንዱን አብሮ እንዲቀይር፣ በትራንዚስተሩና በሙቀት ማስወገጃው ብረት መካከል ያለውን ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሉህ) እና ሙቀት አሳላፊ ቅባቱን እንዲያድስ፣ ስፒከሩን ከማገናኘቱ በፊትም ዲሲውን እንዲለካ ጠይቁት። ስትረከቡ የደረጃ 3ን ተራ ቁጥር 5 እና 7 እዚያው ፊቱ ሥሩ፤ ከዚያ ክፈሉ።